የእትዬ አስካለ ሜሞሪ

እትዬ አስካለ በተቀበሩ ማግስት ከድንኳኑ አንድ ጥግ የተቀመጥነውን ሰዎች ዘመዶቻቸው አላወቁንም። የዩኒቨርሲቲ መምህር አለ፣ ፀጉር አስተካካይ አለ፣ ወርቅ ሻጭ አለ፣ እኔም አለሁ። መልካችን አይመሳሰልም፣ ዕድሜያችን አይገናኝም። ግማሻችን ጴንጤ፣ ግማሻችን ኦርቶዶክስ ነን። የሁላችንም ዓይን ግን ቀልቷል። በመጨረሻ ከገጠር የመጡ አንድ የሟች አጎት ትዕግሥታቸው አለቀና በርጩማቸውን ወደኛ ሳብ አድርገው፣

"ልጆቼ፣ ከአስካለ ጋር በምንድን ነው የምትዛመዱት?" አሉን።

መምህሩ ንፍሮውን እየቆረጠመ "በሜሞሪ" አላቸው።

ሽማግሌው ግንባራቸውን ቋጥረው አሰቡ። "ሜሞሪ… በእናቷ ወገን ነው በአባቷ?"

ለቅሶ ቤት ሳቅ ነውር ነው። ፊታችንን በጋቢ ሸፈንን፤ ትከሻችን ሲንቀጠቀጥ ያዩ ሴቶችም "አይ እነዚህ ልጆች፣ እንዴት ቢወዷት ነው!" ብለው አብረውን አለቀሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ አስካለ ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ጌም ቤት ነበራቸው። ቤቱ ቀድሞ የባለቤታቸው የጋሽ ይልማ ፀጉር ቤት ነው። ጋሽ ይልማ ሲሞቱ እትዬ አስካለ ከዕቃው አንድም አላነሱም፤ የሚሽከረከረው ወንበር፣ ከግድግዳ ግድግዳ የሚደርሰው መስታወት፣ መቀስና ማበጠሪያ ያለበት ባንኮኒ ሁሉ ባለበት ቀረ። ከዓመታት በኋላ የእህታቸው ልጅ ከዱባይ ሲመጣ ያገለገለ የጌም ማሽን ይዞ መጣ። ሲመለስ ሻንጣውን ሽሮና በርበሬ ስለሞላው ማሽኑን ለአክስቱ ትቶ ሄደ።

"ይሄ ምን ይሠራል?" ብለውት ነበር።

"ኳስ ያጫውታል፣ እትዬ።"

"ማንን?"

"ሰውን ነዋ።"

"ሰውማ ሥራ አለው" አሉ።

ያን ጊዜ ስለ አራዳ ሰው የነበራቸው ግምት ከፍ ያለ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቤታቸው ከረባት ባሰሩ፣ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ በአንገታቸው ባንጠለጠሉ፣ "ለሻይ ነው የወጣሁት፣ አሁን እመለሳለሁ" በሚሉ ጎልማሶች ተሞላ። እኔ ራሴ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ሠራተኛ ነበርኩ። ቀን ቀን የባለጉዳይ ፋይል ሲጠፋ ትከሻችንን ነቅንቀን "ነገ ተመለሱ" የምንል ሰዎች፣ አመሻሽ ላይ የራሳችን የጌም ሊግ ሲጠፋ እዬዬ እንል ነበር።

ቴሌቪዥኑ የተቀመጠው ባንኮኒው ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር ነው። አንደኛው ተጫዋች በፀጉር ቤቱ ወንበር ላይ ይሰየማል፣ ሌላው ዱካ ላይ። ስትሸነፍ ቀና ብትል የተሸነፈ ሰው ምን እንደሚመስል ታያለህ። እትዬ አስካለ ከኋላችን ተቀምጠው ዳንቴል ይሠራሉ። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፣ ማሽኑ ዳንቴል ለብሷል፣ ጆይስቲኮቹም የየራሳቸው ዳንቴል ነበራቸው። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ግን ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሴት ናቸው። ማንንም ፊት ለፊት አያዩም፤ በመስታወቱ ውስጥ ነው የሚያዩህ፣ በመስታወቱ ውስጥ ነው የሚፈርዱብህ።

የሚፈርዱትም በሜሞሪ ነው። ጌም ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፦ ያ ማሽን በራሱ ምንም አያስታውስም። መብራት ሲጠፋ ያደረግኸውን ሁሉ ይረሳል። የሚያስታውስለት ከፊቱ የምትሰካ፣ ከብስኩት የማትበልጥ፣ ሜሞሪ የምትባል ጥቁር ካርድ ናት። ሊግ ደግሞ ወራት ይፈጃል፤ ቡድን ትመሠርታለህ፣ ተጫዋች ትገዛለህ፣ ትሸጣለህ፣ ዋንጫ ታነሳለህ። ይህን ሁሉ ካርዷ ላይ "ሴቭ" ካላደረግህ በነጋታው ባዶ ሜዳ ነው የምታገኘው። ካርዷ ደግሞ ከጥቂት ሰው ሊግ በላይ አትይዝም። አዲስ ሰው እንዲገባ የነበረ ሰው መጥፋት አለበት።

እትዬ አስካለ ኳስ አያውቁም፤ ይህን ግን ወዲያው ገባቸው። በማግስቱ ካርዷን ነቅለው የነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሴቭ ማድረግ የፈለገ ከነጠላቸው ሥር ነው የሚለምነው።

መምህሩን እዚህ ላይ ላስተዋውቅ። ስድስት ኪሎ ያስተምራል፤ ሦስተኛ ዲግሪውን ሊጨርስ ብዙ ዓመት "ትንሽ ቀርቶት" ስለነበር እኛ አስቀድመን ዶክተር አልነው። አንድ ቀን ዶክተር ወሳኝ ጨዋታ አሸንፎ፣ እጁን እያሻሸ ተነሳ።

"እትዬ፣ ሴቭ ላድርግ።"

"ቦታ የለም።"

"እንዴ! ትናንት ነበረኝ እኮ!"

"ትናንት የወይዘሮ ጥሩነሽ ለቅሶ ደርሰህ ቢሆን ዛሬም ይኖርህ ነበር።"

"ወይዘሮ ጥሩነሽ ማን ናቸው?"

እትዬ አስካለ በመስታወቱ ወደኛ አዩ። "ይኸው። ጎረቤት ማን እንደሞተ አያውቅም፣ ሊግ ይመራል።"

ሕጉ ይኸው ሆነ። ለቅሶ ያልደረሰ፣ የታመመ ያልጠየቀ፣ ሲገባ "እንዴት ዋሉ" ያላለ ሰው ቦታ የለውም። የሰፈሩ እድር በታሪኩ እንደኛ ያለ ትጉህ አልቃሽ አላየም። ዶክተር አንድ ጊዜ ተሳስቶ የማያውቀው ሰው ድንኳን ውስጥ ገብቶ ሲያለቅስ ዋለና ተመልሶ "ይያዝልኝ" ብሎ ተከራከረ። እትዬ አስካለ ዳንቴላቸውን አቁመው አሰቡበት። "ለቅሶ ለቅሶ ነው። ግማሽ ይያዝለት።" ግማሽ ሊግ እንዴት እንደሚያዝ ማንም አልጠየቀም።

ቅር ያለው ሰው ሲሟገታቸው ደግሞ ከየመሥሪያ ቤቱ የተማሩትን መልስ ያወጣሉ። "ሲስተም የለም" ይላሉ። ውሃ ክፍያ ሲሄዱ፣ መታወቂያ ሊያሳድሱ ሲሄዱ፣ እኛ ዘንድ ሲመጡም የሰሙት ይህንኑ ነው። አባባሉን ያስተማርናቸው እኛ ነን፤ ምን እንላለን?

ሌላ ካርድ ለማምጣት ያልሞከረ አልነበረም። ወርቅ ሻጩ አንድ ቀን የስልኩን ሜሞሪ አውጥቶ ከማሽኑ ቀዳዳ አስገባት፤ ትንሽ ስለሆነች ውስጥ ገብታ ቀረች። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ባነሱት ቁጥር እንደ ሕፃን መጫወቻ ይንኳኳል። እትዬ አስካለ ግን የመጣውን ካርድ ሁሉ ሳይሰኩ ከሩቅ አይተው "አይስማማውም" ይላሉ። ስለ ማሽን የሚያውቁት ቃል ያ ብቻ ነበር፤ በቂያቸውም ነበር። እኔ በዚያ ሁሉ ዘመን ተጠባባቂ ነበርኩ። ቦታ ሊደርሰኝ ሲል ሁልጊዜ አንድ ሰው በለቅሶ ይበልጠኛል።

አንድ ሰው ብቻ ነበር ለቅሶ ቢደርስም ባይደርስም ቦታው የማይነካው። ታምራት ይባላል። ወርቅ ሠሪ ነበር፤ ይሠራበት የነበረው ቤት ሲዘጋ ከሥራ ወጣ። ለሚስቱ አልነገራትም። ጠዋት ጠዋት ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ "ሥራ ሄድኩ" ብሎ ይወጣና እትዬ አስካለ ቤት ይገባል። ምሳውን ከሳቸው ጋር ይበላል፣ ይጫወታል፣ የሥራ መውጫ ሰዓት ሲደርስ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሱ ሊግ ከሁላችንም የረዘመ ስለነበር ካርዷ ላይ ሰፊውን ቦታ የያዘው እሱ ነው። ወደ ጌሙ ሲገባ ሁላችንም "አሠልጣኝ መጣ" እንለዋለን። ከዚያ ደጃፍ ውጭ በምንም ስም የሚጠራው አልነበረም።

እንዲህ ስንኖር አቶ ፍስሐ መጡ።

አቶ ፍስሐ የአንድ መሥሪያ ቤት ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ፈቃድ በሚሰጥበትና በሚከለከልበት በኩል። መላጣቸው የሚያበራ፣ ኮታቸው ከወገባቸው የማይለይ፣ ሲናገሩ "በመሠረቱ" ብለው የሚጀምሩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ቆመው አዩ። በማግስቱ ተቀመጡ። በሳምንቱ የፀጉር ቤቱን ወንበር ያዙ፣ ሊግ ጀመሩና ሴቭ ማድረግ ፈለጉ።

"ቦታ የለም" አሉ እትዬ አስካለ።

"በመሠረቱ እናቴ፣ የዚህ ቤት ፈቃድ ምንድን ነው የሚለው?"

ፈቃዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ "የወንዶች ፀጉር ማስተካከያ" ይላል።

እትዬ አስካለ ከዳንቴላቸው ቀና አላሉም። "ፀጉር ማስተካከያ ነው። ይኸው ወንበሩ፣ ይኸው መስታወቱ። ፀጉር ይዞ የመጣ ይስተናገዳል። እርስዎ ምን ይዘው መጡ?"

ማንም አልሳቀም። አልደፈርንም። አቶ ፍስሐ መላጣቸውን በመሐረብ ጠርገው "እስከ ነገ አስቡበት" ብለው ወጡ።

በነጋታው እትዬ አስካለ ሰበሰቡን። ካርዷን ከነጠላቸው ፈትተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጧት። አቶ ፍስሐ ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ ታምራት ዱካ ላይ ጆይስቲኩን ታቅፎ ተቀምጧል።

"ሰውየው ቦታ ይፈልጋሉ" አሉ እትዬ አስካለ። "አንድ ሰው ይውጣላቸው። ማን ይውጣ? እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፣ ንገሩኝ።"

ዶክተር ጉሮሮውን ጠራረገ። "በመርህ ደረጃ… ብዙ ቦታ የያዘ ቢለቅ ፍትሐዊ ይመስለኛል።"

ወርቅ ሻጩ ቀጠለ። "ታምሬ ልጅ ነው። እንደገና ቢጀምር ይደርስበታል።"

ከኋላ አንዱ ደግሞ በጣም በሚያዝን ድምፅ "ለራሱም ጥሩ ነው፤ ሥራ እንዲፈልግ ያግዘዋል" አለ።

ማንም በክፋት አልተናገረም፤ ለዚህ ነው የከፋው። ታምራት አንገቱን ደፍቶ ቆየና ቀና ሲል መስታወቱ ውስጥ ሁላችንንም በአንድ ጊዜ አየን። እኛ ደግሞ ዓይናችንን የምንጥልበት ቦታ አጣን፤ የትም ብንዞር መስታወት ነው።

እትዬ አስካለ ካርዷን አነሷት። "እናንተ ማታ የምትገቡበት ቤት፣ ጠዋት የምትገቡበት መሥሪያ ቤት አላችሁ። ይሄ ልጅ ከዚህ ሌላ የሚገባበት የለውም። እንግዲያው ማንም አይወጣም፣ ማንም አይገባም።" ካርዷን ነጠላቸው ጫፍ ላይ በድርብ ቋጠሯትና ሻይ ሊጥዱ ሄዱ።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ጊዜ ክፉ ነበር። ካርዷ ከነጠላው ስለማትፈታ ሁላችንም በየቀኑ ከዜሮ እንጀምራለን፣ መብራት ብልጭ ሲል ሁሉም ይጠፋል። ዋንጫ ያነሳ ሰው ዋንጫውን ይዞ የሚገባበት የለውም። አቶ ፍስሐ ለተወሰነ ጊዜ ጠፉ። ለሥልጠና ውጭ አገር ሄደው ነበርና ሲመለሱ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ሰማያዊ፣ የምታብረቀርቅ ካርድ አወጡ። የእትዬ አስካለን ካርድ ብዙ እጥፍ ትይዛለች አሉ።

እትዬ አስካለ ከሩቅ አዩና "አይስማማውም" አሉ።

"እናቴ፣ ይሄ ቴክኖሎጂ ነው፤ ስሜት አይደለም።"

ሰኳት። ሠራች! ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አቶ ፍስሐም ወዲያው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ሰብሳቢው እሳቸው፣ ጸሐፊው ዶክተር። የሁሉም ሊግ ወደ አዲሷ ካርድ እንዲዛወር ተወሰነ። እትዬ አስካለን አሮጌዋን ካርድ ሲጠይቋቸው ፈትተው ሰጡ። አንድ ነገር ግን አቶ ፍስሐ አጥብቀው አሳሰቡ፦ የተዛወረ ሰው ከአሮጌዋ ካርድ ላይ የነበረውን ማጥፋት አለበት።

"ለምን? ሁለቱም ቦታ ቢኖር ምን ችግር አለው?" አለ ዶክተር።

"በመሠረቱ አንድ እግር እዚህ፣ አንድ እግር እዚያ አይሆንም። ከለውጡ ጋር ነህ ወይስ አይደለህም?"

ዶክተር ከለውጡ ጋር ነበር። ሁላቸውም አጠፉ። የታምራት ሊግ ግን "ከክብደቱ የተነሳ ለሁለተኛው ዙር ይቆይ" ተባለ። አሮጌዋ ካርድ እሱን ብቻ ይዛ ወደ እትዬ አስካለ ነጠላ ተመለሰች።

በአዲሱ ዘመን ለሁሉም ቦታ ነበር። ስለዚህ ለቅሶ የሚደርስ ጠፋ። "እንዴት ዋሉ" የሚል ጠፋ። ሰዉ የቦምቦሊኖ ፍርፋሪ ዳንቴሉ ላይ እያራገፈ ይጫወታል። እትዬ አስካለ ወገባቸውን ታመው የተኙ ጊዜ ከጓዳው ገብቶ የጠየቃቸው ታምራት ብቻ ነው፤ ሌላው በሩ ላይ ቆሞ "የስልክ ቻርጀር የት ነው?" ይል ነበር። ካርዷ ደግሞ ከአቶ ፍስሐ ኪስ አትወጣም። ስብሰባ ሲኖራቸው ሃያ የሚሆን ሰው ጨለማ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። ትናንት በእትዬ አስካለ "ቦታ የለም" ያጉረመረመው ሁሉ "ሥራ በዝቶባቸው ነው፤ ኃላፊነት ቀላል አይደለም" ይላል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አቶ ፍስሐ ለዋንጫ ይጫወቱ ነበር። ቤቱ ጢም ብሏል። አንድ ለዜሮ እየመሩ፣ መብራቱ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ወዲያው መጣ። ማሽኑ ሲነሳ የለመድነው ነገር አልመጣም። ከስክሪኑ አናት ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ ተጻፈ፤ ካርዷን ማንበብ አልቻልኩም፣ እንደ አዲስ ላዘጋጃት ወይ? የሚል። "እንደ አዲስ" ማለት ባዶ አድርጌ ማለት ነው።

ዶክተር ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ "ቆይ! ቆይ! አቶ ፍስሐ፣ እንዳይነኩት—"

"ማንበብ እችላለሁ!" አሉ አቶ ፍስሐ።

አቶ ፍስሐ ለሃያ ዓመት ከላይ ለሚመጣ ጥያቄ ሁሉ "አዎ" እያሉ ያደጉ ሰው ናቸው። ጥያቄው ደግሞ የመጣው ከላይ ነበር። "አዎ" የሚለውን ተጫኑት።

ማሽኑ ታዛዥ ነው። የሁሉም ሊግ፣ የዶክተር ሦስት ዋንጫ፣ የወርቅ ሻጩ ውድ አጥቂ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ራሳቸው፣ ሁሉም አንድ ላይ ጠፋ። መስታወቱ ውስጥ ሃያ የተከፈተ አፍ ይታያል። አቶ ፍስሐ ቀስ ብለው ተነሱ፣ ኮታቸውን ቆለፉና "የማሽኑ ችግር ነው። በመሠረቱ አጣርተን እናሳውቃለን" ብለው ወጡ። ሰማያዊዋን ካርድ እንኳ አልነቀሏትም።

የዳንቴሉ መርፌ ብቻ ጠቅ ጠቅ ይላል። በመጨረሻ ዶክተር ወደ እትዬ አስካለ ዞረ።

"እትዬ፣ እርስዎ አስቀድመው አይስማማውም ብለው ነበር። በምን አወቁ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ሰውየውን ነው ያልኩት።"

ነጠላቸውን ፈቱና አሮጌዋን ካርድ ባንኮኒው ላይ አኖሩ። "ቦታ አለ" አሉ።

ለዓመታት የለመንነው ቃል ነው፤ ሲሰጡን ግን የሚያነሳው ጠፋ። ዶክተር መሬት መሬት እያየ "አልተቀየሙንም?" አላቸው።

"መቀየም ቦታ ይይዛል" አሉና መርፌያቸውን አነሱ።

በመጨረሻ ታምራት ካርዷን አንስቶ ሰካትና መጫወት ጀመረ፤ ወርቅ ሻጩም ወደሱ ጠጋ አለ። "ታምሬ፣ ያኔ እኔ ያልኩት—" ታምራት ከስክሪኑ ዓይኑን ሳይነቅል እጁን አነሳ። "ቆይ፣ ማዕዘን ምት ነው።" አገባው። ሁላችንም በቤቱ ካገባነው ግብ ሁሉ ይበልጥ ለዚያ ግብ ጮህን።

ያፈረ ኃላፊ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ብዙ ሳይቆይ ሁለት የመሥሪያ ቤት ሰዎች የቤት ማሸጊያ ወረቀት ይዘው መጡ። አንዱ ጎፈሬው የበዛ ወጣት፣ ሌላው ኮፍያ ያደረገ ጎልማሳ።

"ፈቃዱ ፀጉር ማስተካከያ ነው የሚለው" አለ ወጣቱ። "እዚህ ግን ፀጉር እንደማይቆረጥ ጥቆማ ደርሶናል።"

"ማን ነው የማይቆረጥ ያለው?" አሉ እትዬ አስካለ። "ታምራት! እንግዳውን አስቀምጠው!"

ታምራት በሕይወቱ የሰው ፀጉር ነክቶ አያውቅም። እትዬ አስካለ ግን የጋሽ ይልማን መሳቢያ ከፍተው፣ ነጩን ጨርቅ አራግፈው፣ ወጣቱ አፉን ሳይከፍት አንገቱ ላይ አሰሩለት። ዳንቴሉን ቴሌቪዥኑ ላይ ወረወሩት። እኛም ገባንና ወረፋ የምንጠብቅ ሰዎች ሆንን፤ ዶክተር ከየት እንዳመጣው እንጃ ጋዜጣ ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ። ገልብጦ ነበር የያዘው።

ታምራት መቀሱን ያዘ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንዲት የፀጉር ጫፍ ብቻ ቆረጠ፣ አየት አደረገ፣ ሌላ ቆረጠ። የቀለበት ፈርጥ እንደሚያስቀምጥ ሰው ትንፋሹን ይዞ ነበር የሚሠራው። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የመቀሱ ድምፅና ከጋዜጣው ኋላ የዶክተር ጸሎት ብቻ ነው። ሲጨርስ ወጣቱ ራሱን ወደ ግራ አዞረ፣ ወደ ቀኝ አዞረ፣ አገጩን ቀና አደረገ።

"ጀርባውን አሳየኝ" አለ።

አሳየው። ወጣቱ ፈገግ አለ። ጎልማሳው ኮፍያውን አወለቀና "እኔንም ጫፍ ጫፉን" አለ።

ማሸጊያው ወረቀት ከቦርሳው ሳይወጣ ሄዱ። እኛም ለማስረጃ ያህል በየተራ ተቆረጥን። ታምራት የሚያውቀው ያንኑ አንድ ቁርጥ ስለነበር ሁላችንም አንድ መስለን ወጣን፤ በማግስቱ ፒያሳ ላይ ያገኘን ሁሉ የትኛው እስር ቤት እንደከረምን ጠየቀን።

ወጣቱ በሁለት ሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ ለምርመራ ሳይሆን ለፀጉሩ። ጓደኛውንም አመጣ። የፀጉር ቤቱ ወንበር ከጌም ተለይቶ ወደ ጥንት ሥራው ተመለሰ፣ እኛም ዱካና በርጩማ ላይ ቀረን። ታምራት ለሚስቱ ሥራ መቀየሩን ነገራት። የመጀመሪያውን ሥራ ማጣቱን ሳይነግራት ሁለተኛውን ማግኘቱን ማስረዳት ቀላል አልነበረም፤ እትዬ አስካለ ናቸው ሄደው ያስታረቋቸው።

አንድ ቀን ታምራት ደንበኛ ሸኝቶ ፀጉር ሲያራግፍ ወደኔ መጣና ጆይስቲኩን ተቀበለኝ። ካርዷ ላይ ገብቶ ያን ረጅም ሊጉን አጠፋው። ማሽኑ "እርግጠኛ ነህ?" ሲለው እንኳ አልዘገየም።

"ምን ሆንክ?" አልኩት።

"ጊዜ የለኝም። አንተ ግባ።"

ከዚያ ሁሉ ዘመን ተጠባባቂነት በኋላ በእትዬ አስካለ ካርድ ላይ ቦታ አገኘሁ። እትዬ አስካለ በመስታወቱ ውስጥ ታምራትን ሲያዩት መርፌያቸውን አቆሙ። ሻሻቸውን አስተካከሉና ወደ ጓዳ ገቡ፣ ቶሎም አልተመለሱም።

ከዚያ ያ ሰፈር ለልማት ይነሳ ተባለ። እትዬ አስካለ ከከተማው ዳር አራተኛ ፎቅ ላይ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ወንበሩንና መስታወቱን ለታምራት መረቁለት፤ አሁን ስድስት ኪሎ አካባቢ የራሱ ፀጉር ቤት አለው፣ ከአንድ በላይ ቁርጥም ያውቃል። ዶክተር እውነተኛ ዶክተር ሆነ። እኛም በየአቅጣጫው ተበተንን።

እትዬ አስካለን መጨረሻ ያየኋቸው ባለፈው ዓመት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት ነው። ደረጃው አድክሞኝ በሩ ላይ ቆሜ ሳለከልክ "ገና በዚህ ዕድሜህ!" ብለው ሳቁብኝ። ከስተዋል፤ ድምፃቸው ግን አልከሳም። ከሳሎኑ ጥግ ማሽኑ ከቴሌቪዥኑ ጋር ተገናኝቶ ተቀምጧል።

"እዚህ ማን ነው የሚጫወተው?" አልኳቸው።

"ጎረቤቶቼ ሥራ አላቸው" አሉ። "ና፣ እኔ ልግጠምህ።"

ቀልድ መስሎኝ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ አመቻቹ። ያን ሁሉ ዓመት ከኋላ ሆነው ሲያዩ የኖሩት ጨዋታ በእጃቸው ሲገባ ሌላ ሆነባቸው። እኔ ሦስት አገባሁ፤ እሳቸው ግን ቁልፉን እየደበደቡ፣ ወገባቸውን ከተጫዋቹ ጋር ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዘነበሉ "በርታ! አዎ! በርታ የኔ ልጅ!" ይላሉ።

"እትዬ" አልኳቸው ሳቄን እየዋጥኩ፣ "ቀዩ የኔ ነው። የእርስዎ ሰማያዊው ነው።"

ጆይስቲኩን አውርደው አዩኝ። "እስካሁን ለማን ስለፋ ነበር ታዲያ?"

እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ስድስት ለዜሮ አለቀ። ሴቭ ላድርግልዎት ብዬ እጄን ስዘረጋ መታ አደረጉኝ። "ስድስት ለባዶ ተሸንፌ ምን ብዬ ነው የማስቀምጠው? ተወው፣ ሌላ ቀን እንደ አዲስ እገጥምሃለሁ።" በሩ ድረስ ሸኙኝ፣ ሳሙኝ፣ እናቴን ሰላም እንድልላቸው አዘዙኝ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ከላይ የተመልካች ጩኸት ሰማሁ፤ መልሰው ከፍተውት ኖሯል፣ ብቻቸውን ከማሽኑ ጋር ገጥመው ነበር። ደረጃው ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ፉጨት ተሰማ፣ ከዚያ ያ ከሰውነታቸው የሚበልጠው ድምፅ ሕንጻውን ሞላው፦

"ዳኛ! ዓይንህ ይጥፋ! ይሄ እንዴት ፍጹም ቅጣት ምት አይሆንም?"